ከተራራው የወጣ ዕውቀት ወደ ተራራው ይመለስ

ግልጽ ደብዳቤ

ለደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የበላይ አመራርና የሴኔት ጉባኤ፣
ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለጃናሞራ ወረዳዎች የትምህርትና የባህል ጽሕፈት ቤቶች፣
በሰሜን ተራሮችና በግርጌያቸው ላላችሁ የአድባራትና የገዳማት አለቆች፣ መምህራንና መላው ሕዝብ፤

ጉዳዩ፦ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለአካባቢው ሰው ሁሉ ክፍት ይሆን ዘንድ ስለ ማሳሰብ

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፤

መጻሕፍትን መመዝገብ፣ መደርደር፣ ከጥፋት መጠበቅና ለፈላጊያቸው ማድረስ ሙያዬ ነው፤ የተወለድሁትም ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ሙያዬና የትውልድ ቦታዬ በአንድነት ግድ ስላሉኝ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እጽፍላችኋለሁ።

ልመናዬ አንድ ነው። ይኸውም በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በደባርቅ ከተማ ማስተማር የጀመረው ዩኒቨርሲቲ በቤተ መጻሕፍቱ የሚያከማቸው ዕውቀት ከተመዘገበው ተማሪና ከመምህሩ አልፎ በዚህ ተራራና በግርጌው ለሚኖር ሰው ሁሉ፣ ለገበሬውና ለእረኛው፣ ለበቅሎ ነጂውና ለፓርኩ ጥበቃ፣ ለዲያቆኑና ለቤት እመቤቲቱ፣ ለዓይነ ሥውሩ፣ ለተፈናቃዩና ለስደተኛው፣ እንደየችሎታውና እንደየቋንቋው ይድረሰው የሚል ነው። ይህን ስል ችሮታ መለመኔ እንዳይመስላችሁ እለምናለሁ፤ የማስታውሳችሁ ዕዳን ነው፤ ይህ ሀገር ከሁለት መቶ አምሳ ዓመት በላይ ለዓለም ዕውቀት ሲሰጥ ኖሮ፣ ከሰጠው ውስጥ ተመልሶ የደረሰው እጅግ ጥቂት ነውና።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በአድዋ በኩል አልፎ፣ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በደረሰ ጊዜ፣ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጠፍቶ የነበረው መጽሐፈ ሄኖክ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት በግእዝ ምሉእ ሆኖ ይነበብ ነበር። ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ ተመለሰና አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛውን በኦክስፎርድ ላለው ለቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፣ ሦስተኛውን ለራሱ አስቀረ፤ ከኦክስፎርዱም ቅጂ ሪቻርድ ሎረንስ የተባለው ሊቅ በ1813 ዓ.ም. ገደማ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ለዓለም አሳየው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ መጽሐፍ የተደረሰው ሐተታ፣ የተደረገው ምርመራና የተጻፈው ትችት ሰፊ መደርደሪያ ይሞላል፤ ነገር ግን መጽሐፉን ጠብቀው ካቆዩት አባቶች እግር ሥር ዛሬ ተቀምጦ የሚማር የዳባት ወይም የጃናሞራ የአብነት ተማሪ፣ ከዚህ ሁሉ ሐተታ በእጁ ሊያገኝ የሚችለው ምን ያህሉን ነው?

ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፣ በእነዚሁ ተራሮች መካከል፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በመቅደላ ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራትና ከሌላውም ስፍራ ብዙ ብራና ሰበሰቡ። መሰብሰቡ ራሱ ለጎንደር ኀዘን ነበር፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ ግን ኀዘኑ የመላ ሀገሪቱ ሆነ፤ የእንግሊዝ ጦር ብራናዎቹን ከሌላው ምርኮ ጋር በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ አስጭኖ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ሸጠ፤ ወደ 350 የሚጠጉትም ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ለእንግሊዝ መንግሥት ጽፈው ስለ ጠየቁ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ተመለሰ። እኔም ዛሬ ብዕር ሳነሣ ከዚህ ታሪክ ድፍረት አገኛለሁ፤ በቅንነት የተጻፈ ደብዳቤ የሄደን መጽሐፍ ሊመልስ እንደሚችል ያ አንድ ብራና ምስክር ነውና።

ይህን ማንሣቴ ያለፈን ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ ዕውቀት ከሀገሩ ወጥቶ መቅረቱ በሌላ መልክ እስከ ዛሬ ስለሚቀጥል ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ጋር ተቈጠረ፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ዋልያው፣ ስለ አፈሩ መሸርሸርና ስለ ግጦሹ፣ በርንሃርድ ኒቨርጌልትንና ሐንስ ሁርኒን የመሰሉ የስዊስ ሊቃውንት በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ የደከሙባቸውን ጥልቅ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ለድካማቸውም ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. አያት ቅድመ አያቶቻቸው የኖሩበትን ደጋ ለቀው በደባርቅ ዳር ሲሰፍሩ፣ ስለ ከብታቸውና ስለ ግጦሻቸው ለአርባ ዓመት ከተጻፈው ውስጥ በቋንቋቸው ሊያነቡት፣ ወይም ሲነበብ ሊሰሙት የሚችሉት ምን ያህሉ ነበር? ጥናት የውሳኔ መሠረት በሚሆንበት ጊዜ፣ ውሳኔው በኑሮው ላይ የሚደርስበት ሰው ጥናቱን ሊያውቀው፣ ሊጠይቅበት፣ ካስፈለገም ሊከራከርበት ይገባዋል፤ ይህም ሳይሆን ከቀረ ዕውቀት የአንዱ ሥልጣን፣ የሌላው ዕዳ ይሆናል።

በዳባትም ነገሩ ያው ነው። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዳባት ወረዳ ልደትን፣ ሞትንና ከቦታ ወደ ቦታ መዛወርን ቤት ለቤት እየመዘገበ የሚከታተልበት የምርምር ጣቢያ አለው። ከዚህ ጣቢያ በተገኘው መረጃ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ብዙ ጥናት ወጥቷል። እናት ስለ ሞተው ልጇ ለመዝጋቢው የመለሰችው መልስ፣ አባት ስለ ቤቱ ውኃና ስለ ማጀቱ የሰጠው ቃል፣ ተደምሮና ተመዝኖ ሳይንስ ሆኗል። የቀረው ተግባር ሳይንሱ ወደዚያች እናት ደጃፍ በአማርኛ ተመልሶ፣ የጎረቤቷን ልጅ ከየትኛው በሽታ መከላከል እንደሚቻል፣ በሽታውም በየትኛው ወር እንደሚበረታ የሚነግራት መሆኑ ነው።

ክቡራን ሆይ፤ የሙያችን ሕግ ከዚህ ጋር የተስማማ ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1923 ዓ.ም. በደነገጋቸው አምስት ሕጎች ውስጥ መጽሐፍ ለመገልገያ እንደ ተሠራ፣ ለያንዳንዱ አንባቢ የሚገባው መጽሐፍ፣ ለያንዳንዱም መጽሐፍ የሚገባው አንባቢ እንዳለው አስተምሯል። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2014 ዓ.ም. ያደሱት መግለጫም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዕድሜን፣ ዘርን፣ ጾታን፣ ሃይማኖትን፣ ቋንቋንና ማዕርግን ሳይለይ ሁሉን በእኩልነት እንዲያገለግል ያዝዛል። በሀገራችንም ሕገ መንግሥቱ በ29ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ መረጃ የመፈለግና የመቀበል ነጻነት እንዳለው ደንግጓል። እንግዲህ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በሩን የሚከፍተው ለወደደው ሰው አይደለም፤ የአንባቢውን ማንነት አይመዝንም፣ ለምን ይህን መጽሐፍ እንደ ፈለገ አይመረምረውም፣ ያነበበውንም ለሌላ አይገልጥበትም።

ይህ ሥርዓት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ትምህርት የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን እንዲያስታውስ እለምነዋለሁ። አኮፋዳውን አንግቦ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው የድኻ ልጅና የባለ ርስቱ ልጅ በአንድ የኔታ ፊት በአንድነት ይቀመጡ ነበር፤ የኔታም ከድኻው ልጅ ዋጋ አይጠይቁም ነበር። ብራናውን የሚያጽፈው ምእመን መጽሐፉን ለደብሩ ሲሰጥ፣ የሰረቀውና የፋቀው የተገዘተ ይሁን ብሎ ማስጻፉ መጽሐፉ የአንድ ሰው ሳይሆን የማኅበር ንብረት እንደ ሆነ መመስከሩ ነበር። ዓይነ ሥውራንም በቃል ትምህርት እየበረቱ የዜማና የቅኔ መምህራን ለመሆን በቅተዋል፤ ዓይናቸውን በልጅነታቸው ያጡት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም በጸላሎ ወንበር ዘርግተው ብዙ ወንዶችን ቅኔ አስተምረዋል። የኔታ ለድኻ፣ ለዓይነ ሥውርና ለሴት የከፈቱትን በር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሊያጠብበው አይገባም።

በዘመናዊውም ትምህርት የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ሕይወት ማሰብ ይጠቅመናል። እኒህ ሊቅ በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች በቤታቸው በከፈቱት ተኩስ ቆስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ በማይክሮፊልም የተነሡትን፣ በጠቅላላው 9000 ገደማ የሆኑትን የኢትዮጵያ ብራናዎች ሲመረምሩና ካታሎግ ሲያዘጋጁ ኖረው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ወንበራቸው የሚገባበት በርና የሚደርሱበት ጠረጴዛ የተዘጋጀላቸው በመሆኑ፣ አካላቸው የተጎዳው ሊቅ ለሀገራቸው የማይተካ ሥራ ሠሩ። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ንባብ ቤቱ በፎቅ ላይ በመሆኑ ብቻ፣ ወይም መጽሐፉን የሚያነብለት በመታጣቱ ብቻ፣ ስንት ሊቅ ሳይወለድ ይቀር ይሆን?

ስለ ዓይነ ሥውራን የተደረገው የማራካሽ ስምምነት በ2005 ዓ.ም. ተፈርሞ፣ ሀገራችንም በ2013 ዓ.ም. አባል ሆናበታለች። በዚህ ስምምነት መሠረት ቤተ መጻሕፍት የታተመን መጽሐፍ የደራሲውን መብት ጣሰ ሳይባል በብሬል ሊያወጣው፣ በድምፅ ሊቀዳው፣ ለኮምፒውተር ንባብ ሊያመቸው ይችላል። እንዲሁም መንግሥት በመስከረም 2012 ዓ.ም. ባወጣው ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ለሁሉ በነጻ እንዲከፈት ታዝዟል። ስለዚህ ሕጉ አልጎደለንም። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥናት በኮምፒውተር ውስጥ ተከፍቶ መቀመጡ ብቻውን፣ ኢንተርኔት ለማይደርሰው፣ ቋንቋውን ለማያውቀው፣ ፊደልም ላልቈጠረው ሰው እንደ ተዘጋ ይቈጠራል፤ በሩን ከፍቶ መንገዱን አለመጥረግ አገልግሎት ሊባል አይችልም።

ፊደል ስላልቈጠረው ሰው ካነሣሁ ዘንድ፣ ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማስታወስ ይገባል። የዚያ ዘመን መከራ ብዙ ቢሆንም፣ በጊዜ ብዛት 15 በደረሱ የሀገራችን ቋንቋዎች ትምህርት የተሰጠበት ይህ ዘመቻ በሚቀጥለው ዓመት በዩኔስኮ አማካይነት ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። ብዙዎቹ ግን ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ነገር በአጠገባቸው ስላልነበረ ያገኙትን መልሰው አጡ። ከዚህ የምንማረው፣ ማንበብን ማስተማርና የሚነበበውን ማቅረብ ተለያይተው የማይሄዱ መሆናቸውን ነው። ዛሬ ደግሞ ማንበብ የቻለው ወጣት ሌላ ፈተና ገጥሞታል፤ በእጁ በያዘው ስልክ ከፌስቡክና ከቴሌግራም የሚጐርፈውን ወሬ ማን እንደ ጻፈው፣ መቼ እንደ ተጻፈ፣ ምስሉ ከየት እንደ ተወሰደ መርምሮ እውነቱን ከሐሰቱ የመለየት ፈተና ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እሳት በዳባት ወረዳ እስከ ጭና ደርሶ የብዙ ንጹሓን ደም የፈሰሰበት፣ ከዚያም ወዲህ ሰላሙ ያልጸናለት ይህ ሀገር፣ ያልተመረመረ ወሬ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያስከፍል ከማንም ይልቅ ያውቃል። ይህን የመመርመር ጥበብ ማስተማር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የተማረበት ሥራ ነው፤ ያስተምር ዘንድም ጊዜና ስፍራ ይሰጠው።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበውን ተቃውሞ አላቃልለውም። መጻሕፍቱ ይጠፋሉ ይባላል፤ በአዳራሹ ተቀምጦ ማንበብን ለሁሉ ፈቅዶ፣ መዋስን ግን በታወቀ ዋስ ማድረግ ይቻላል። ቦታው ለተማሪውም አልበቃ ይባላል፤ እውነት ነው፤ ሆኖም ተማሪ ለዕረፍት በሚበተንባቸው ወራት ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ገበሬው ምን ያነባል የሚልም አይታጣም፤ ይህን ግን እቃወማለሁ፤ ስለ ገብስ ዘር፣ ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ መሬት ሕግና ስለ ልጁ ጤና ማወቅ የማይሻ ገበሬ በዚህ ተራራ አላውቅም፤ ራሱ ባያነበው ልጁ ያነብለታል።

እንግዲህ የምለምነውን በዝርዝር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ለአካባቢው ነዋሪ ያለ ክፍያ የአንባቢነት መታወቂያ ይስጥ፤ ይህም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት አለምዋጭ የተጠለሉትን ኤርትራውያን ስደተኞችና ከቤታቸው የተፈናቀሉትን ወገኖቻችንን ይጨምር፤ ሁሉን ላጣ ሰው መጽሐፍ ከማንም ይልቅ ያስፈልገዋልና።

ሁለተኛ፣ ስለ ደባርቅ፣ ስለ ዳባት፣ ስለ ጃናሞራና ስለ ፓርኩ የሚሠራ ማናቸውም ጥናት፣ ተመራማሪው የሀገር ልጅም ይሁን የውጭ ሰው፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ አጭር መግለጫ ሳያስረክብ እንደ ተፈጸመ አይቈጠር፤ መግለጫውም በየቀበሌው ስብሰባና በየትምህርት ቤቱ ይነበብ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰሜን ተራሮችና ስለ ጎንደር የተጻፈው ሁሉ የሚሰበሰብበት አንድ ክፍል ይቋቋም፤ የስዊስ ሊቃውንት መጻሕፍት፣ በለንደንና በሚኒሶታ ያሉት ብራናዎች ፎቶግራፍ፣ የዳባት ጥናቶች በዚያ ይገኙ። የአድባራት አለቆች አባቶቼ ሆይ፣ የእናንተም ብራና ፎቶግራፍ ሲነሣ አንድ ሙሉ ቅጂ በደብሩ፣ ሌላው እናንተ በፈቀዳችሁት ሥርዓት በዚሁ ክፍል እንዲቀር ሳታዋውሉ እንዳትፈቅዱ እለምናችኋለሁ፤ ቅዱስ የሆነውን ከዕቃ ቤት ማውጣትና አለማውጣት የእናንተ ሥልጣን ነው፤ ከዕቃ ቤት ያልወጣውም ብራና ቢሆን እሳትና ዝናብ ሳያገኘው ምስሉ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ ለዓይነ ሥውራንና ለአካል ጉዳተኞች መግቢያው ይስተካከል፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ኮምፒውተር ይቅረብ፣ ተማሪዎች በፈቃዳቸው የአማርኛ መጻሕፍትን በድምፅ የሚቀዱበት ክፍል ይዘጋጅ።

አምስተኛ፣ መጽሐፍ መኪና ወደማይደርስበት መንደር በበቅሎ ይሂድ። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱ በኋላ፣ በአዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቋቁመዋል። የቱሪስት ጓዝ ጭኖ ቡይት ራስን አልፎ እስከ ሳንቃ በርና እስከ ጭነቅ የሚሄድ በቅሎ ባለበት ሀገር፣ ሁለት ሣጥን መጽሐፍ በየወሩ ለደጋው ተማሪ ማድረስ የማይቻል አይደለም፤ ወረዳዎቹ በቅሎውን፣ ዩኒቨርሲቲው መጽሐፉን፣ ትምህርት ቤቱ ተቀባዩን ቢያዘጋጁ ይበቃል።

ከእነዚህ አምስቱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ የቀሩት የሚጠይቁት ውሳኔንና ቅን ልቡናን ነው። ሁሉን ባንድ ጊዜ ማድረግ ባይቻል፣ ሁለተኛው ይቅደም እላለሁ፤ ስለዚህ ሕዝብ የታወቀውን ለዚሁ ሕዝብ በቋንቋው መንገር ምንም ሕንፃ አያሻውምና፣ ይህም ሲፈጸም ሰው ሌላውን በራሱ መጠየቅ ይጀምራልና።

የሴኔቱ ጉባኤ ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባው አጀንዳ አድርጎ እንዲይዘው፣ መልሱንም፣ እሺታም ይሁን እምቢታ፣ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ በትሕትና እለምናለሁ። መልሱ እሺታ ከሆነ፣ የአማርኛ መግለጫዎችን በማረምና በመመዝገብ፣ ለመጀመሪያው የመጽሐፍ ሣጥን የሚሆኑትንም በመምረጥ የዕረፍት ጊዜዬን ያለ ዋጋ ለመስጠት ቃል እገባለሁ፤ የሙያ ጓደኞቼም እንዲሁ እንደሚያደርጉ እምነቴ የጸና ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቡይት ራስ መንገድ ዳር ተወላጅ የሆነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ
ደባርቅ